ራሱን ያቆሰለ ቅጠል

«እንጥሽ!»

ድምፁ የመጣው ከበቆሎው ውስጥ ነው። ተረፈ ከቴፒ ገና መመለሱ ነበር፤ በእናቱ ማሳ ውስጥ ማን እንዳለ አልታየውም።

«ይማርህ!» አለ።

«ይማርሽ በል!»

ቅጠሉ ተገለጠና አንዲት ልጅ ብቅ አለች። አፍንጫዋ ላይ ዝገት የመሰለ ዱቄት ተነስንሷል።

«ምንድን ነው የምትበትኚው?»

«በሽታ።»

«በሽታ? በእናቴ ማሳ?»

«እማማ እታገኝ ፈቅደውልኛል» ብላ ሳቀች።

ሳባ ትባላለች፤ ሚዛን ተፈሪ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ዋግ የሚባለውን በሽታ ሆነ ብላ በበቆሎው ላይ እየነሰነሰች፣ የሚቋቋመውን ለይታ ዘሩን ልትይዝ ነው ሸኮ ድረስ የምትመላለሰው። የመመረቂያ ሥራዋ ነው።

ከዚያ ወዲህ ተረፈ እሷን የምታመጣው ሚኒባስ ድምፅ በተሰማ ቁጥር አጥሩ ጋ ነው።

«ይቺ ልጅ የምትጎበኘው በቆሎውን ነው አንተን?» ይሉታል እናቱ።

እሱ አጥር የሚጠግን ይመስላል።

ሳባ በፈተና ምክንያት ሳትመጣ በቀረችበት ሰሞን አንዳንዱ ቅጠል ቡናማ ነጠብጣብ አወጣ። የታመመ የበቆሎ እግር በሽታው ወደ ሌላው ሳይዛመት ይነቀላል፤ ተረፈ ከአባቱ የተማረው እንዲህ ነው። ደስ እንዲላት ብሎ ነጠብጣብ ያለበትን ሁሉ ነቅሎ አቃጠለ።

ስትመጣ ማሳው መሃል ቆማ ቀረች።

«አጸዳሁልሽ» አላት።

«ተረፈ... የሚቋቋሙት እኮ እነሱ ነበሩ!» አለች። «ዋግ የሚበላው ሕይወት ያለው ቅጠል ነው። ጎበዝ ተክል ዋጉ ያረፈበትን ቦታ ራሱ ይገድልና በረሃብ ይጨርሰዋል። ነጠብጣቡ የዚያ ጠባሳ ነው።»

«እነዚህ ንጹሖቹስ?»

«ዋጉ ሲያርፍባቸው አልነቁም። በቅርቡ ዝገት ይለብሳሉ።»

አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለው ነበር። በጉልበቱ እየዳኸ ማሳውን ዳር እስከ ዳር በረበረ።

«ሳባ! ነይ! ነይማ!»

ከእንሰቱ ጥላ ሥር አንዲት ነጠብጣባም በቆሎ ቆማለች። ሳባ ሳታስበው እጁን ያዘች፤ ያዘችም ቆየች።

ያችን እግር አብረው አሳደጉ። ስታብብ የሌላ በቆሎ ብናኝ እንዳይደርስባት ወረቀት አለበሷት።

«ኩሩ ናት» አለ ተረፈ።

«ቁጥብ ናት» አለች ሳባ እየሳቀች።

«ሽማግሌ ልላክ?»

ሳቋ ቆመ። በወረቀቱ ላይ ጣቶቿ ጣቶቹን ነክተው ነበር፤ አላነሳቻቸውም።

«ዘሩ ይድረስ። ያኔ እነግርሃለሁ።»

በቆሎው ደረቀ። ደጃፉ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ ትከሻ ለትከሻ ፈለፈሉት።

«ደረሰ» አላት። «ንገሪኝ እንግዲህ።»

ሳባ ፍሬውን ለሁለት ከፈለች። ግማሹን ከራሷ በፈታችው ሻሽ ቋጥራ መዳፉ ላይ አኖረች፤ ጣቶቹንም ራሷ አጠፈቻቸው። ፊቱን ትክ ብላ አየችው። «ሽማግሌ አትላክ» አለችው፤ «እኔም እንደዚያ ቅጠል ነኝ።»

«ልጄ፣ ምሳ ደርሷል!» አሉ እናቱ ከውስጥ።

ሳባ ቦርሳዋን አነሳች። ፀጉሯ እንደተገለጠ ወደ መንገዱ ወረደች፤ ሚኒባሱም ቆመላት።