ለሰብሊ የተተወ መስመር

ጀንበሬን ያገኘሁት ማንም ሳይበላው በቀረ የአሥራ ሁለት ሰው ምሳ ምክንያት ነው።

ጥቅምት 1998 ዓ.ም. ነበር። ጅቡቲ፣ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው ሰፈር ውስጥ ሚስስ ግሬስ የምትባል የኬንያ ሴት ቤት ተቀጥሬ እኖራለሁ። ከእሷ በፊት የነበሩት አሠሪዎቼ ፈረንሳዮች ስለነበሩ የኩሽና ፈረንሳይኛ አያንሰኝም። እንግሊዝኛም አሥረኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁና «አውቃለሁ» ብዬ ነው የገባሁት። ሚስስ ግሬስ አፏን ስትከፍት ግን እውቀቴ ብን አለ። እያንዳንዱን ቃል ለብቻው አውቀዋለሁ፤ ሁለቱ ሲጋጠሙ ጭራሽ አይቻቸው የማላውቅ ይሆኑብኛል።

አንድ ሐሙስ ጠዋት ከቢሮዋ ደውላ የእንግዶቹ ምሳ «ኮልድ ኦፍ» ሆኗል አለችኝ። «ኮል» መጥራት መሆኑን ማን ያጣዋል? እንግዶቹ ተጠርተዋል ማለት ነው ብዬ አሣውን ጠበስኩ፣ ሩዙን ቀቀልኩ፣ ጠረጴዛውን ለአሥራ ሁለት ሰው ዘረጋሁ።

ሚስስ ግሬስ ብቻዋን ገባች። ጠረጴዛውን አይታ መጀመሪያ ሳህኖቹን ቆጠረች፤ ቀጥሎ ሳቀች፤ በመጨረሻ ግን ሁለተኛ እንደማትስቅ ነገረችኝ። ምግቡን ለፈለግሽው ስጪ አለች።

በታክሲ ጭኜ ዋራበሌ ሰፈር፣ አክስቴ እልፍነሽ ቤት ወሰድኩት። ጅቡቲ ያመጣችኝ፣ እንደ እናትም እንደ አባትም የምትቆጣጠረኝ እሷ ናት። ድስቶቹን ከፍታ አየችና «ይሄን እኔና አንቺ ስንበላ ልንከርም ነው? ኻላስ፣ ለሹፌሮቹ ውሰጂው» አለች። «ኻላስ» ካለች ነገር አለቀ ማለት ነው።

ከቤቷ በታች መንገዱ ዳር የኢትዮጵያ ከባድ መኪናዎች የወደብ ተራ እየጠበቁ ይቆማሉ። ሹፌሮቹ አሣውን በደስታ ተቀበሉኝ። አንዱ ብቻ፣ ተሳቢው ጥላ ሥር ሽርጥ አገልድሞ መጽሐፍ የሚያነብ ቀጭን ሰው፣ ከመጉረሱ በፊት ጠየቀኝ።

«ምን በዓል ነው?»

«የኔ ድንቁርና በዓል ነው» አልኩትና ነገርኩት።

ሳቀ። ሳቁ ግን አላሳፈረኝም። ስሙ ጀንበሬ ነው፤ ሹፌር ከመሆኑ በፊት ዳንግላ ላይ ስድስት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሯል።

«ኮልድ ኦፍ ማለት ተሰርዟል ማለት ነው። ጥፋትሽ ትንሿን ቃል መናቅሽ ነው። ግሱ መኪናው ነው፤ ከኋላው የምትመጣው ትንሿ ቃል መሪው ናት። መሪው ወዴት እንደዞረ ሳታይ መኪናው የት እንደሚደርስ በምን ታውቂያለሽ?»

«ስንት እንደዚህ ያለ አለ?»

«በሺህ የሚቆጠር።»

«እንግዲያው ወደ አገሬ ለመመለስ ሻንጣዬን ላዘጋጅ።»

«አታዘጋጂ» አለ፤ ዓይኑንም ከፊቴ ላይ ቶሎ አላነሳም። «በሳምንት አሥር አሥሩን እንወጣዋለን።»

የጀመርነው እንደዚያ ነው። ዓርብ እረፍቴ ነው፤ አክስቴ ቤት እውላለሁ። የሱ መምጫ ግን እንደ ወደቡ ተራ ነው፤ ዓርብ ከገጠመ በረንዳው ላይ አክስቴ እያየችን ያስተምረኛል፤ ካልገጠመ ደብተሩን እሷ ጋ ትቶልኝ ይሄዳል። ለእያንዳንዱ ግስ ሦስት መስመር አለው። አንደኛው ላይ ግሱን ከነትርጉሙ ይጽፋል፤ ሁለተኛው ላይ የራሱን ምሳሌ፤ ሦስተኛውን ባዶ ለእኔ ይተዋል። እኔ ዓረፍተ ነገር እሠራበታለሁ፤ እሱ ሲመለስ በቀይ እስክሪብቶ ያርማል። ልክ ከሆነ ራይት፣ ካልሆነ ኤክስ። አንድም ቀን አዝኖልኝ ራይት አድርጎ አያውቅም።

«ሉክ አፍተር» መንከባከብ፣ «ሉክ ፎር» መፈለግ፣ «ራን አውት ኦፍ» ማለቅ፣ «ፑት ኦፍ» ለሌላ ቀን ማስተላለፍ። እነዚህን ይዤ ፕላቶ እመለሳለሁ። ጥር ላይ ሚስስ ግሬስ ዘይት «ራን አውት» ሊያደርገን ነው ስትል እኔ አስቀድሜ ገዝቼ ነበር። ያን ቀን ማን እንደሚያስተምረኝ ጠየቀችኝ። «ቲቸር አለኝ» አልኳት። ፊቴን አይታ ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም።

መጋቢት ላይ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» ደረሰ፤ በጉጉት መጠበቅ። ሁለተኛው መስመር ላይ የሱ ምሳሌ፦ ዓርብን በጉጉት እጠብቃለሁ። ደብተሩን ይዤ ብዙ ተቀመጥኩ። ከዚያ በእኔ መስመር ላይ ጻፍኩ፦ እኔም ዓርብን በጉጉት እጠብቃለሁ።

በሚቀጥለው ዓርብ በረንዳው ላይ ሊያርም ደብተሩን ገለጠ። ቀዩ እስክሪብቶ በእጁ እንዳለ ቆመ።

«ቲቸር፣ ስህተት አለው እንዴ?»

«የለውም።»

«ታዲያ ምን ታያለህ?»

«ስህተት የሌለበት ነገር አይቼ ስለማላውቅ ነው» አለ። አክስቴ ከውስጥ ጉሮሮዋን ጠረገች።

አክስቴ ጀንበሬን ጠልታው አይደለም፤ ሹፌርነቱን ነው የፈራችው። «ሹፌር ማታ የት እንደሚያድር መኪናው ብቻ ነው የሚያውቀው» ትለኛለች። በዚያ ላይ ከተማው መሃል ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ሱቅ ያለው ዋለልኝ ሽማግሌ ልኮ፣ አክስቴ ለግንቦት 18፣ ለዓርብ አሥር ሰዓት ቀጠሮ ሰጥታቸው ነበር። ስታስረዳኝ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«የሰው ሽማግሌ በደብተር ምክንያት ደጄ ላይ አላመላልስም። መምህርሽ የምሩን ከሆነ ከዚያ በፊት ሽማግሌ ይላክ። ካልሆነ ግን ለዋለልኝ እሺ እላለሁ፤ አንቺም እሺ ትያለሽ።»

ይህንን ለጀንበሬ ስነግረው ወደ አዲስ አበባ ሊወጣ ሞተር አስነስቶ ነበር። አጠፋው።

«ቢዘገይ ረቡዕ እመለሳለሁ።»

«እሺ፣ ማንን ትልካለህ? እዚህ አንድ ዘመድ የለህ።»

«አገኛለሁ።»

«ከየት?»

«ሰብሊ» አለኝ፤ ቲቸርነቱ ከድምፁ ጠፍቶ ነበር። «አገኛለሁ አልኩሽ።»

ረቡዕ አልመጣም። ሐሙስ ሚስስ ግሬስን አስፈቅጄ ሹፌሮቹ መቆሚያ ሄድኩ። ያየው የለም። አንዱ ብቻ፣ አንድ ተራራ መውረጃ ላይ የተገለበጠ መኪና አይቻለሁ፣ ሰሊጥ ፈሶ ነበር አለኝ። ጀንበሬ የሚጭነው ሰሊጥ ነው። ስልኩ ላይ ስደውል አይሠራም፤ በረሃው ላይ ኔትወርክ የለም። ያን ቀን ምን እንደፈለግሁ ልናገር፦ ትቶኝ እንዲሆን ፈለግሁ። ከሞተ ይልቅ ቢክደኝ ይሻላል አልኩ። ሰው የሚወደው ሰው እንዲከዳው ይጸልያል? እኔ ጸለይኩ።

ዓርብ ሰማዩ እንደ ምድጃ ነበር። መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ቆሟል። አክስቴ ለዋለልኝ ሽማግሌዎች ምንጣፍ አነጠፈች፤ እኔን ከመጋረጃው ጀርባ አስቀመጠችኝ፤ ሽማግሌ ሲቀመጥ ልጅቷ አትታይም።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ከባድ መኪና መጥቶ በር ላይ ቆመ። ቤቱ ተንቀጠቀጠ። በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ፤ ሦስት ሰዎች አቧራቸውን እያራገፉ ገቡ። ጀንበሬ የለበትም። አንደኛው ጢሙ የሸበተ፣ ግሪስ የነካው ጋቢ የለበሰ ሰው ነው፤ አቶ ዓለምብርሃን ይባላል። ሌሎቹ ከይረዲንና ጉዲና ይባላሉ፤ ጉዲና ገና ወጣት ነው፣ በሽርጡ ላይ ሸሚዙን የቆለፈው አንዱን ቁልፍ አዛንፎ ነው።

«ተቀመጡ» አለች አክስቴ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አለ አቶ ዓለምብርሃን። «ወይዘሮ እልፍነሽ፣ ልጃችን ጀንበሬ ልጅዎን ሰብሊን ለትዳር ጠይቁልኝ ብሎ ልኮናል።»

አክስቴ ከላይ እስከ ታች አየቻቸው። «ልጃችን አላችሁ? ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቁት?»

«ከትናንት ጠዋት» አለ ጉዲና።

ከይረዲን በክርኑ ጎሸመው፤ ግን ቃሉ ወጥቷል። አክስቴ ከት ብላ ልትስቅ ወይም በሩን ልትከፍትላቸው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

«እውነቱን ነው» አለ አቶ ዓለምብርሃን ሳይደነግጥ። «ሽምግልና በውሸት አይጀመርም። ከድንበሩ፣ ከጋላፊ ወዲህ መኪናው ተበላሽቶበት፣ ከአደራ ጭነቴ አልለይም ብሎ አራት ቀን በረሃ ላይ ቆሞ አገኘነው። እኔ እዚህ መንገድ ላይ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው። በረሃ የቆመ ሹፌር ሲያስቆመኝ ምን እንደሚለምነኝ አውቃለሁ፤ ውኃ፣ ሲጋራ፣ መካኒክ ነው። ይሄኛው አስቆመኝና ዕድሜዬን ጠየቀኝ።»

«ዕድሜዎን?»

«ዕድሜዬን! ሃምሳ ስምንት ስለው ‹ይበቃል› አለኝ። መካኒክ እንላክልህ ወይ ብለው፣ ‹መካኒኩ ሲደርስ ይደርሳል፤ ዓርብ ግን አይጠብቀኝም። አሁን የቸገረኝ ሽማግሌ ነው› አለኝ። ከእኔ በኋላ የመጡትን እነዚህን ሁለቱንም አስቆማቸው። የኔ እመቤት፣ የወለድኩት ልጄ ቢሆን ከዚህ በላይ አልመሰክርለትም። ለሰው ሰሊጥ አራት ቀን የጠበቀ ሰው ሚስቱን ጥሎ…»

ንግግሩን አላስጨረስኩትም። መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ።

«ውኃ አለው?»

ሽማግሌ ፊት እንዲህ የወጣች ልጅ በአገራችን ታሪክ ይኖር እንደሆነ እንጃ። እኔ ግን ሌላ የምጠይቀው አልነበረኝም።

አቶ ዓለምብርሃን ፊቱ ረጋ አለ። «ሁለት ጀሪካን ትተንለታል፣ ልጄ። ከንፈሩ ከመሰነጣጠቁ በቀር ደኅና ነው። መካኒኩም ዛሬ ጠዋት ከዲኪል ከተማ ወደሱ ወጥቷል።»

በሕይወት አለ። አልተገለበጠም፤ አልተወኝም። እዚያው ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ጉዲናም ዓይኑን በሽርጡ ጠረገ፤ ጀንበሬን ካወቀ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው።

አክስቴ እኔን አየች፣ እነሱን አየች። «እኔ እንኳ በደንቡ ቀጠሮ ልሰጣችሁ ነበር» አለች።

«ቀጠሮስ ባይሆን ደስ ይለናል፤ እሑድ ወደብ ተራ አለን» አለ ከይረዲን።

«ኻላስ! መልሱን ራሷ ሰጥታችኋለች። አሁን ተቀመጡ።»

ተቀመጡ። የዋለልኝ ሽማግሌዎች አሥር ሰዓት ላይ ሲመጡ አክስቴ በር ላይ ተቀብላ፣ ይቅርታ ጠይቃ በክብር ሸኘቻቸው። ዋለልኝ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለሠርጌ አንድ ኩንታል ስኳር ልኮልኛል።

አቶ ዓለምብርሃን ጀንበሬ ሊጽፍበት ይዞት ሄዶ የነበረውን ደብተሬን ከጋቢው ሥር አውጥቶ ሰጠኝ። የመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ግስ ብቻ አለ፦ «ሴትል ዳውን»፤ ተረጋግቶ፣ ጎጆ ይዞ መኖር። ጽሑፉ በላብ ደብዝዟል። ሁለተኛው መስመር ላይ እንደ ሁልጊዜው ምሳሌ አልጻፈም። ሁለቱንም መስመር ባዶ ለእኔ ትቶታል።

ሰኞ ሚስስ ግሬስ ራሷ በመኪናዋ ዋራበሌ ድረስ አደረሰችኝ። ጀንበሬ በረንዳው ላይ ቆሞ ነበር፤ ከስቷል፣ ጠቁሯል፣ ከንፈሩ ተሰንጥቋል። ተያየን። እሱም እጁን ዘረጋ።

«ደብተርሽን» አለኝ።

ሰጠሁት። ባዶዎቹ መስመሮች ላይ የጻፍኩትን ጮክ ብሎ በእንግሊዝኛ አነበበ። አክስቴ ትርጉሙን ካልሰማሁ ስላለች በአማርኛም ደገመው፦ «ዋራበሌ ላይ ጎጆ ይዘን አብረን እንኖራለን። አንተ ግን ከእንግዲህ አራት ጀሪካን ውኃ ሳትይዝ መንገድ አትወጣም።»

«የጠየቅሁሽ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው» አለ።

«ሁለት መስመር ነው የተውክልኝ። ሁለቱንም አርም።»

ከሸሚዙ ኪስ ቀዩን እስክሪብቶ አወጣ። ሙቀቱ ቀለሙን አድርቆት ስለነበር ሁለት ሦስት ጊዜ እጁ ላይ ሞከረው። ከዚያ አንደኛው ላይ ራይት አደረገ፤ ሁለተኛውን ቆም ብሎ እንደገና አነበበና እሱም ላይ ራይት አደረገ።