የሁለት ሊትር ስፍራ

በመቐለ ቀዳማይ ወያነ ክፍለ ከተማ፣ ከገበያው ወደ ታች በሚወርደው ጠባብ መንገድ ዳር፣ በሩ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ አንድ ጋራዥ አለ። ባለቤቱ አብዱልወዱድ ከኮምቦልቻ የመጣ መካኒክና በያጅ ነው፤ ሰፈሩ ሙሉ ስሙን ለመጥራት ትዕግሥት ስለሌለው ዓብዱ ይለዋል። እጁ የተመሰከረለት ነው። ሌላው የተወውን ሞተር እሱ ያስነሣዋል፤ የበየደው ብረት ሌላ ቦታ ይሰበራል እንጂ በብየዳው ላይ አይሰበርም ይባልለታል። አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ጉድለቱ በእኛ ዘንድ እንደ መልካም ጠባይ የሚቆጠር በመሆኑ ግን የወቀሰው አልነበረም። ዓብዱ ውለታ የዋለለትን ሰው «አይሆንም» ማለት አይችልም ነበር።

ከሃያ ዓመት በፊት ወላጆቹን ቀብሮ፣ ታናሽ ወንድሙን ነስረዲንን አስከትሎ ወደዚህ ከተማ ሲገባ፣ ግቢያቸውን ከፍተው ያስጠጉት ኣቦይ ኣስፋሃ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ጋራዡ የቆመው በእሳቸው አጥር ጥግ ነው። ነስረዲን ፊደል የቆጠረው ከእሳቸው ልጆች ጋር ነው፤ ሲያድግም የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ሆኖ በከተማው ስም አወጣ። ስለዚህ በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የሽማግሌው የመጨረሻ ልጅ ሽሻይ መኪናውን እየነዳ ወደ ጋራዡ ሲገባ፣ ዓብዱ ያየው አንድ ደንበኛን ብቻ አልነበረም። ያ ሁሉ የትናንት ደግነት በአንድ ሰው አካል ተመስሎ ነው የገባው።

የሽሻይ መኪና አሮጌ ኮሮላ ነበረች። የራሷ ሞተር ወጥቶ ከእርሷ አቅም በላይ የሆነ ሌላ ሞተር ተገጥሞላታል፤ በዓይናለም ቀጥታ መንገድ ላይ ስትለቀቅ ሰዎች ድምጿን ከሩቅ ለይተው ያውቁታል። አዲሱ ሞተር ግን ነዳጅ አይበቃውም፤ በዚያ ሰሞን ደግሞ ማደያዎቹ ፊት ያለው ሰልፍ ግማሽ ቀን ይፈጅ ነበር። ሽሻይ ለውድድር መኪናዎች የሚሠራ ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ ከዱባይ ሊያስመጣ ቆርጦ፣ የሁለቱን ዓይነት ፎቶ በስልኩ ይዞ መጣ። አንደኛው ጥቁርና ግዙፍ ነው፤ በብረት ሳጥን ውስጥ ወፍራም የጎማ ከረጢት አለው፤ ሳጥኑ ቢጨማደድ እንኳ ከረጢቱ በቀላሉ አይቀደድም። ሁለተኛው ከረጢት የሌለው፣ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ የአሉሚኒየም ሳጥን ነው። ዓብዱ ጥቁሩን መረጠ። ሽሻይ ሳቀና፣ የኋላ ኮፈኑ ሲከፈት የሚታየው ነገር የአህያ ጭነት እንዲመስል እንደማይፈልግ ተናገረ። የሚያብለጨልጨው መጣ።

በሁለቱም ዓይነት ውስጥ ግን አንድ የጋራ ነገር ነበር፤ ሳጥኑን ከዳር እስከ ዳር የሚሞላ፣ ቀዳዳው የበዛ ስፖንጅ። ሽሻይ ጣቱን በመሙያው አፍ አስገብቶ ነካካው።

«ይህ ስንት ሊትር ይበላብኛል?»

«ሁለት ቢሆን ነው» አለ ዓብዱ።

«ሁለት ሊትር ማለት የአንድ ሰዓት ሰልፍ ነው። አውጣው፣ ሓወይ፣ ወንድሜ። እኔ የገዛሁት ለቤንዚን ነው፤ ፍራሽ እንደሆነ ቤቴ አለኝ።»

ዓብዱ እንደ መሳቅ ብሎ፣ የሚያውቀውን ያህል አስረዳው። ቤንዚን በጭነት ላይ እንዳለ እንስሳ ነው፤ መኪናው ሲታጠፍ እሱም ይታጠፋል፣ ሲቆም እሱ አይቆምም፤ ልጓሙ ስፖንጁ ነው አለው። የመተንፈሻው ቱቦ ወለሉን በስቶ ከመኪናው ውጭ መውጣት እንዳለበት፣ በቤንዚኑና በሰው መካከልም የላሜራ ግድግዳ ሊኖር እንደሚገባ ጨመረለት። ሽሻይ ሁሉንም በትዕግሥት ሰማ። ከዚያም ወለሉ ገና ትናንት ቀለም የተቀባ በመሆኑ መብሳት የማይታሰብ መሆኑን፣ ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ያለው ላሜራ ደግሞ ለድምፅ ማጉያዎቹ ሲባል አስቀድሞ ተቆርጦ መጣሉን ነገረው። ትከሻውን ቸብ አድርጎ «ዓብዱ፣ አንተ እኮ ሁሌ ክፉውን ታያለህ። ችግር የለውም» አለው።

ይህች «ችግር የለውም» የምትባል ቃል በሀገራችን ስንት መቃብር እንደቆፈረች የቆጠረ የለም። የምንናገራት ችግር አለመኖሩን መርምረን አይደለም፤ መመርመሩን ስለምንሰለች ነው። ዓብዱ ስፖንጁን በመንጠቆ እየጎተተ አወጣው። የመተንፈሻውን ቱቦ እዚያው ዕቃ መጫኛው ውስጥ፣ ከማጉያው የኤሌክትሪክ ገመዶች አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ጠምዝዞ ተወው። ብየዳው እንደ ወትሮው ንጹሕ ነበር።

በምሳ ሰዓት ነገሩን ለሚስቱ ለሀፊሳ አወራላት። እሷ መኪና አትነዳም፤ ነገር ግን ባሏ ምግቡን ሳያጣጥም መዋጡን አየች። የተደረገውን ሁሉ ጠይቃ ከተረዳች በኋላ፣ «ለኣቦይ ኣስፋሃ ውለታ የምትመልሰው ልጃቸውን እሳት ላይ አስቀምጠህ ነው?» አለችው። የትምኒት ሠርግ እስኪያልፍ ድረስ ብቻ ነው፣ ከዚያ በኋላ እፈታዋለሁ ብሎ መለሰላት። ትምኒት የሽሻይ እህት ናት፤ ሠርጓ ለጥር ተቆርጧል።

ጋራዡ ውስጥ የወደቀው ስፖንጅ ሳምንታት አለፉት። ዓብዱ አልጣለውም፤ አልተጠቀመበትምም። ጥግ ላይ ተጋድሞ ባየው ቁጥር ዓይኑን ወደ ሌላ ይመልስ ነበር።

የጥር ወር የሠርግ ቀን ደረሰ። የሙሽሮች አጀብ በከተሞቻችን እንዴት እንደሚሄድ የማያውቅ የለም። ከፊት የምትሄደው መኪና የኋላ ኮፈኗ ተከፍቶ፣ ቪዲዮ ቀራጩ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ወደ ኋላ ዞሮ ይቀመጣል፤ ሙሽራዋን የያዘችው መኪና እየተከተለችው ይቀርጻል። አደባባይ ሲደርሱ አጀቡ በጡሩንባ እየጮኸ ሁለት ሦስት ጊዜ ይዞራል። ለዓመታት ያየነው ነገር በመሆኑ፣ አንድን ሰው እንደ ሻንጣ ከፍቶ መጫን መሆኑን ማሰብ ትተናል።

ዓብዱ በአዲስ ሸሚዙ ወደ ሽማግሌው ግቢ ሲደርስ፣ ከፊት እንድትሄድ የተመረጠችው የሽሻይ ኮሮላ መሆኗን አየ። የሚያብለጨልጨው ታንክ በቀይ ምንጣፍ ተሸፍኗል። በምንጣፉ ላይ፣ እግሩን አጥፎ፣ ካሜራውን በትከሻው አስደግፎ እየቀረጸ የተቀመጠው ወንድሙ ነስረዲን ነበር። ታንኩ ለበዓሉ እስከ አፉ ተሞልቷል። ሽታው የሽቶውንና የአበባውን መዓዛ አልፎ ወደ አፍንጫው መጣ፤ ቀጭን፣ ጣፋጭ መሳይ፣ ጉሮሮን የሚይዝ ሽታ።

ዓብዱ ወደ ሽሻይ ተጠጋ። ኣቦይ ኣስፋሃ ሙሽራዋን ልጃቸውን እየመረቁ ነው፤ ሴቶች እልል ይላሉ፤ ሰው ሁሉ ወደ መኪናዋ ይመለከታል። አንድ ቃል ቢናገር ሁሉም ጸጥ እንደሚሉ፣ ምርቃቱ እንደሚቋረጥ፣ በደስታ ቀን ክፉ አፍ የከፈተ ተብሎ እንደሚቀር ታየው። ሽሻይ ዞር ብሎ «ዓብዱ፣ ጽቡቕ ኣይኮነን? አያምርም?» አለው።

ዓብዱ አፉን ከፈተ። ዘጋው። «ያምራል» አለ።

አጀቡ ወጣ። ወደ ሓወልቲ አቅጣጫ በሚወስደው መንገድ ላይ ካሉት አደባባዮች በአንዱ ደርሶ መዞር ጀመረ። በመጀመሪያው ዙር ቤንዚኑ ልጓሙን አጥቶ ወደ አንድ ወገን ተገፋ። በሁለተኛው የመተንፈሻው ቱቦ ተፋው። ነስረዲን በሱሪው ላይ ቅዝቃዜ ተሰማው፤ እርጥብ መሆኑን በእጁ ዳሰሰና አሸተተው። ወዲያው እጁን ከፍ አድርጎ ያወናጭፍ ጀመር። ከኋላ ያለው ሹፌር ቀራጩ ድምቀት ፈልጎ መስሎት ጡሩንባውን አጥብቆ ነፋለት፤ ሙሽራዋም በመስኮት እጇን አወዛወዘችለት። ነስረዲን ከኋላው ያለውን የወንበር ጀርባ በቡጢ እየደበደበ ሽሻይን ጠራ፤ ሙዚቃው ግን ከእሱ ይበልጥ ይጮህ ነበር። በሦስተኛው ዙር፣ ከማጉያው ገመድ ስር አንዲት ብልጭታ ወጣች።

የቀረውን በዝርዝር መተረክ አያስፈልግም። ነስረዲን ካሜራውን አስቀድሞ ወደ ውጭ ወረወረ፤ ለምን እንዲህ እንዳደረገ እስከ ዛሬ አያውቅም። ሽሻይ ፍሬን ይዞ ዘለለና በባዶ እጁ ከእሳቱ ውስጥ ጎትቶ አወጣው። እሱም ክንዱ ተቃጠለ። ነስረዲን በሕይወት ተረፈ። የቀኝ እጁ ጣቶች ግን እርስ በርስ ተጣበቁ፤ የግራውም መጨበጥ ተሳነው። ካሜራ የሚያክል ነገር ቀርቶ ማንኪያ ለመያዝ ወራት ፈጀበት።

ኣቦይ ኣስፋሃ በማግስቱ ጠዋት ወደ ሆስፒታል መጡ። የሠርጉን ነጠላ አልቀየሩም። ኮሪደሩ ላይ ከዓብዱ ጎን ተቀመጡ።

«ልጄ የሚለውን ሰማሁ» አሉ። «ነግረኸው ነበር አለኝ። አንተ ይህ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር?»

«ዐውቅ ነበር፣ ኣቦይ።»

«ታዲያ እኔ እዚያው ቆሜ፣ ለምን አልነገርከኝም?»

«አፍሬዎት ነው።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ወደይ፣ ልጄ፣ እኔ ያስጠጋሁህ እንድታፍረኝ አልነበረም» አሉ። ዓብዱ ቢረግሙት ይቀለው እንደነበር ተሰማው።

ካሜራው መስታወቱ ተሰነጠቀ እንጂ የቀረጸው አልጠፋም። ነስረዲን ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ፣ አንድ ቀን ቤት ውስጥ ሆነው ከፈቱት። እዚያ ውስጥ ዓብዱ ራሱን አገኘ። በአዲስ ሸሚዝ ወደ መኪናዋ ይጠጋል፤ ወደ ታንኩ ያያል፤ ፊቱ ይለዋወጣል፤ አፉን ይከፍታል፤ ይዘጋል። ቀጥሎ ፈገግ ይልና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ መንገድ ይለቃል። ሁሉም ነገር ሃያ ሰከንድ አይሞላም።

ሙያ ብረት መቁረጥና መበየድ ብቻ አይደለም፤ ከሙያ ሁሉ የከበደው ክፍል እምቢታ ነው። ያወቀውን አደጋ ለይሉኝታ ሲል የዋጠ ባለሙያ፣ ካላወቀው ይልቅ ይጠየቃል። ይሉኝታ ለሰው ክብር መስሎ ይጀምራል፤ ሰውን ለአደጋ አሳልፎ በመስጠት ይፈጸማል። ውለታ የሚመለሰው ውለታ የዋለልንን ሰው ልጅ ፊት ለፊት በመቃወም የሚሆንበት ቀን አለ። ያ ቀን ያመለጠው ሰው ሌላ ቀን እንዲጨመርለት መለመን አይችልም።

ባለፈው ሚያዝያ፣ ገብረዝጊ የሚባል የሚኒባስ ሹፌር ከመቀመጫዎቹ ስር ተጨማሪ ታንክ እንዲገጠምለት ወደ ጋራዡ መጣ። ቱቦው ውስጥ ቢቀር ችግር እንደሌለው፣ ተሳፋሪ ሽታውን እንደሚለምደው ተናገረ። ዓብዱ አልተከራከረም። ጥግ ላይ ካለው ስፖንጅ አጠገብ በርጩማ ላይ ወደ ተቀመጠው ወንድሙ ዞረ። ነስረዲን ስልኩን በሁለት መዳፎቹ መካከል ይዞ፣ በአውራ ጣቱ ጫፍ እየገፋ፣ ያችን ሃያ ሰከንድ ከፈተለት።

ሹፌሩ አየ። መጀመሪያ ስልኩን፣ ቀጥሎ ስልኩን የያዙትን እጆች።

«ይህ ሰውዬ ምን ሊል ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

«አይሆንም ሊል» አለ ዓብዱ። ከዚያም የሚኒባሱን ቁልፍ ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ በሰውየው እጅ መለሰለት። «እንዳልከው አድርጌ አልገጥምልህም። አይሆንም።»