ድምፁ ብቻ የቀረለት ማሳወቂያ

መዝገበ ቃላት አዘጋጁ ኮምፒውተሩ ፊት እንደተቀመጠ ሞቶ የተገኘው ሐሙስ ረፋድ ላይ ነው። ሐኪሙ ለመርማሪው አጭር ወረቀት ትቶለታል፦ ደም የሚያቀጥነው ኪኒን ለዘጠኝ ቀን ከእሽጉ አልወጣም፤ የረጋ ደም ጭንቅላቱ ውስጥ ገብቶ ገድሎታል።

ሳሎን ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ሚስቱ፣ አብሯቸው የሚኖረው ታናሽ ወንድሙና ኮምፒውተሩን የሚጠግነው ባለሙያ። ማንም አላለቀሰም። መርማሪውም ቢሆን በሬሳ ማዘን ካቆመ ቆይቷል፤ ሥራውን የሚሠራው እጁ ስለለመደ ነው።

«ከታመሙ ወዲህ ይረሳሉ» አለ ባለሙያው። «ለዚህ ነው ማስታወሻውን የጫንኩላቸው። ጠዋት አራት ሰዓት ይደውላል፤ ‹መድኃኒት› የሚል ጽሑፍም ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል። የኢሜይሉን፣ የዜናውን፣ የሌላውን ሁሉ ማሳወቂያ ዘግቼ ይህን ብቻ ተውኩ። ሥራ ላይ እያሉ ነገር ብቅ ሲልባቸው ይናደዱ ነበር።»

«ሲያስረዷቸው የት ቆመው ነበር?»

«ከወንበራቸው ኋላ። ‹እሺ፣ እሺ› ይሉኝ ነበር።»

ወንድምየው ትከሻውን ነቀነቀ። «በየቀኑ ደውሏል። ዛሬም ሰምቻለሁ። ጋሼ ግትር ነው። እኔ እንኳ በር ላይ ሆኜ ስጠራው ዞር አይልም። ስድስት ዓመት ሙሉ እንደናቀኝ ሞተ።»

መርማሪው ፊቱን ወደ መስኮቱ እንዳዞረ ነበር። ሚስትየው ለመናገር ስትፈልግ ተነሣች፤ ጠረጴዛውን ዞራ ፊት ለፊቱ መጥታ ቆመች።

«ደውሏል» አለች። «እኔም ሰምቻለሁ።»

መርማሪው ትንሽ አያትና ወደ ሟቹ የሥራ ክፍል ገባ። የማሳወቂያውን ማስተካከያ ከፍቶ አየ። ከዚያ መሳቢያውን ጎተተ። በመነጽር ማስቀመጫ ውስጥ የጆሮ መስሚያ መሣሪያ አገኘ፤ ባትሪው ከነማሸጊያው ነው።

በማግስቱ አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰባቸው። ኮምፒውተሩ በርቷል።

«ሟቹ አይሰማም ነበር» አለ። «አፍሮ ደበቀው። መሣሪያውን ገዝቶ አንድ ቀን እንኳ አላደረገውም፤ ፊት ለፊት ያወሩት እንደሆነ ከንፈር እያየ ይግባባል። አሁን ይህን ተመልከቱ። የመድኃኒቱ ማሳወቂያ ድምፁ በርቷል፤ ጽሑፉ ግን ብቅ እንዳይል ተዘግቷል፤ ያውም ከዘጠኝ ቀን በፊት። እናንተ ስትሰሙ እሱ ምንም አያይም። ይሰማል ብሎ የሚያምን ሰው ክፉ ቢያስብ መጀመሪያ የሚያጠፋው ድምፁን ነበር። ባለሙያው ከኋላው ቆሞ ያስረዳዋል፤ ወንድሙ ከበር ይጠራዋል። ሁለቱም አያውቁም። ትናንት ግን አንድ ሰው እኔን ለማናገር ጠረጴዛ ዞሮ ፊቴ መጣ። እንዲህ ያለ ልማድ በአንድ ቀን አይመጣም፤ እትዬ።»

«አይሰማም ነበር?» አለ ወንድምየው። ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

ሚስትየው እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። «አሥራ አንድ ዓመት መድኃኒቱን በእጄ ነው የሰጠሁት» አለች። «ማስታወሻው የተጫነ ቀን ‹ተገላገልኩሽ› አለኝ። አልተናደድኩም። ምንም አልተሰማኝም። ጽሑፉን ስዘጋው ‹መድኃኒቴስ?› ብሎ የሚጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። ዘጠኝ ቀን ጠበቅኩት። አልጠየቀኝም።»

«እንደሚሞት ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ያን ጊዜ ኮምፒውተሩ ደወለ። ስክሪኑ ላይ ምንም ብቅ አላለም። ሚስትየው ከመቀመጫዋ ተነሥታ ባዶውን ወንበር ዞረች፤ ፊት ለፊቱ ጎንበስ ብላ ከንፈሯን በደንብ እየከፈተች «መድኃኒትህ» አለች።