የደርበው ወንበር

መምህር ይርዳው የኦንላይን ትምህርቱን ሲጀምር ጉሮሮውን ይጠርግና፣ "ትሰሙኛላችሁ?" ይላል። የሚመልስለት የኮሌጁን ቆርቆሮ የሚደበድበው ዝናብ ብቻ ነው። ተማሪዎቹ ካሜራቸውን አጥፍተው ከስክሪኑ ጥቁር መስኮቶች ጀርባ ተደብቀዋል። ከግድግዳው ማዶ፣ ከመምህርት ስንዱ ክፍል፣ ሳቅ ይመጣል። ያ ሳቅ እንደ እሾህ ይወጋዋል።

ስንዱ ግማሾቹን በአካል፣ ግማሾቹን በስክሪን ታስተምራለች። በስክሪን ለሚከታተለው ሁሉ ክፍሏ ውስጥ ባዶ ወንበር አስቀምጣ ስሙን ትለጥፍበታለች፤ የራቀው እንዳይረሳ ብላ።

ይርዳው ዘዴዋን ሊሰርቅ ፈለገ። እሱ በማያስተምርበት ሰዓት፣ "ደርበው" የሚል ስም ፈጥሮ እንደ ተማሪ ገባ።

"ደርበው፣ እንኳን ደህና መጣህ" አለች ስንዱ። "ወንበርህ ይኸው።"

ይርዳው ካሜራውንም ማይኩንም አጥፍቶ ክፍሏን በስክሪኑ ይከታተል ጀመር።

በማግስቱ ወንበሩ ወደ ፊት ተጠግቶ አየው። ሌላ ቀን ደግሞ ከጎኑ የምትቀመጠው ልጅ ወደ ባዶው ወንበር ዘንበል ብላ ስታንሾካሹክና አፏን ይዛ ስትስቅ ተመለከተ። ከዚያም አንድ ጠዋት ስንዱ "ጎበዝ ደርበው፣ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበቅሁም" አለች፤ ክፍሉም አጨበጨበ።

ይርዳው ቃል አልተነፈሰም ነበር። ሊፈራ ሲገባው ቀና። ለሌለ ልጅ የተጨበጨበው ጭብጨባ አንገበገበው።

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ፣ እሱ ራሱ እያስተማረ ሳለ፣ ያ ጭብጨባ በግድግዳው አልፎ ሲመጣ አላስቻለውም። የራሱን ጥቁር መስኮቶች እንደተከፈቱ ትቶ ወደ ስንዱ ክፍል ገባ። ክፍሉ የረጠበ ሹራብ ይሸታል። ቀና ብሎ ያየው የለም። ወንበሩ ባዶ መሆኑን ሊያረጋግጥ ሄዶ ተቀመጠበት። እንጨቱ ይሞቃል፤ ገና አሁን ሰው የተነሣበት ይመስላል።

"ዘገየህ፣ ደርበው" አለች ስንዱ ፈገግ ብላ።

"እኔ እኮ..." ብሎ ሳይጨርስ፣ ከግድግዳው ማዶ ጉሮሮ ሲጠረግ ሰማ።

"ትሰሙኛላችሁ?" አለ የራሱ ድምፅ።

"አዎ፣ ቲቸር!" አሉ ብዙ ድምፆች፤ ሳቅም ተከተለ።

"መምህር ይርዳው እንዴት ታድሏል!" አለች ከጎኑ ያለችው ልጅ በሹክሹክታ። "እሱ ጋ ካሜራውን የሚያጠፋ የለም አሉ።"

"ደርበው?" አለች ስንዱ፣ እንደ ልማዷ በትዕግሥት እየጠበቀች።

ስሙን ሊነግራት አፉን ከፈተ፤ የወጣው ግን፣ "አቤት፣ ቲቸር" የሚል ለስላሳ የጎረምሳ ድምፅ ነበር።