ኦብሁር ላይ የተጋረደው መስኮት

«ያ የኋላው መስኮት ግን ሁልጊዜ የሚጋረደው ለምንድን ነው?»

ሰፊያ የተሸከመችውን የውሃ ጀሪካን መሬት አስቀመጠች። ጋሼ አለማየሁ ከድንኳናቸው ፊት ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ አንገታቸው ላይ የርቀት መነጽር አንጠልጥለው፣ በአገጫቸው ወደ ካራቫኑ እየጠቆሙ ነበር። አጠያየቃቸው ለጨዋታ ያህል ይመስላል። ፈገግም ብለዋል። ሰፊያን ያስፈራት ግን ያው ፈገግታቸው ነው።

«ፀሐይ እንዳይገባ ነው፣ ጋሼ።»

«አሃ፣ ፀሐይ» አሉና መስኮቱን እንደገና አዩት። መስኮቱ ያለው በጥላው በኩል ነበር።

ሰፊያ ጀሪካኗን አንስታ ሄደች። ላለመሮጥ እየታገለች ነው የተራመደችው።

ካራቫኑ የአባቷ የሐሩን ኩራት ነበር። ሐሩን ጅዳ፣ ኑዝላ ሰፈር ውስጥ ፍሪጅና ኤርኮንዲሽን ይጠግናል። አንድ የውጭ አገር ኩባንያ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ አሸዋ ላይ ጥሎት የሄደውን ይህን ባለ ሁለት ጎማ ቤት ለምኖ ወሰደው፤ ጣሪያውን ደፈነ፣ ጎማውን ለወጠ፣ አልጋዎቹን በራሱ እጅ ሠራ። ከዚያ ወዲህ ኸሚስ፣ ሐሙስ ማለት ነው፣ ከሰዓት በደረሰ ቁጥር ዋኔት ከሚሏት ፒክአፕ ኋላ ይቀጥለውና ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኦብሁር ይነዳል። እዚያ ቀይ ባሕር እንደ ቀጭን ምላስ ወደ የብሱ ገብቶ ይተኛል፤ ማዕበል የለው፣ ጩኸት የለው። ወሎ፣ ሐይቅ ዳር ያደገው ሐሩን ባሕር ብሎ ጠርቶት አያውቅም። «ያላ፣ ወደ ሐይቃችን!» ነው የሚለው።

መጀመሪያ ላይ ጉዞው ለደስታ ብቻ ነበር። ዓሣ ይጠበሳል፣ ይዋኛል፣ ጁሙዓ ማታ ፀጉር ሁሉ ጨው ሆኖ ይመለሱ ነበር። ኢድሪስ ከመጣ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ።

ኢድሪስ የአባቷ የመጨረሻ ወንድም ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ከደሴ ተወስዶ፣ ከጦር ሰፈሩ ጠፍቶ፣ ከአሰብ በዓሣ አጥማጅ ጀልባ የመን ገባ። ከየመን የጂዛንን ቆላ በእግሩ አቋርጦ አንድ ቀን ኑዝላ በራቸውን አንኳኳ። ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የለውም። ሰፈሩ ውስጥ የፈቃድ ፍተሻ የሚበዛው ደግሞ ሰው ሁሉ ቤቱ በሚውልባቸው ቀኖች፣ ኸሚስና ጁሙዓ ነው። ስለዚህ መካ የሚኖሩት አክስቷ ሱረያ ከፊል የሚሉትን ዋስ የሚሆነው የአገሩን ሰው እስኪያገኙለት ድረስ፣ በየሳምንቱ ኢድሪስን ካራቫኑ ኋላ ክፍል ውስጥ አስተኝተው፣ መጋረጃውን ስበው ይዘውት ይወጣሉ።

ሹርጣ፣ ፖሊሱ፣ ቢይዘው ወደ አገር ይመልሰዋል። ከሹርጣ የባሰ የሚፈራም ነበር። ጅዳ ካለው ሐበሻ መካከል የደርግ ጆሮ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ሐይቅ ከተማ ያሉት አያቷ «ልጅህን አምጣ» ተብለው አንዴ ታስረው ተፈትተዋል። ኢድሪስ ጅዳ እንዳለ ቢሰማ ምን ሊደረጉ ነው? «ጥያቄ የሚያበዛ ሰው ካያችሁ ሽሹ» ብለው ነበር አክስት ሱረያ።

ጋሼ አለማየሁ ደግሞ ጥያቄ ያበዛሉ። የአየር መንገድ መካኒክ ናቸው። ሚስታቸው እትዬ ብዙነሽ ጅዳ ሆስፒታል ነርስ ናቸው። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ፣ ያ ሁሉ ዳርቻ ባዶ ሆኖ ሳለ፣ ድንኳናቸውን ሁልጊዜ ከካራቫኑ አጠገብ ይተክላሉ። «አባትሽ ከወሎ የት ነው? ወንድሞች አሉት?» ይላሉ። መነጽራቸውን አንስተው ሲያዩ፣ ሰፊያ ወዴት እንደሚያዩ ለማወቅ ትሞክራለች።

ክፋቱ፣ ልጃቸውን ጠጄን ትወዳታለች። ሰፊያ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ጠጄም እኩያዋ ናት። ኑዝላ ውስጥ በአማርኛ የሚያስቃት ጓደኛ የላትም። ጠጄ ደግሞ የአስተማሪዎቿን አነጋገር ስታስመስል ሆድ ታስይዛለች።

የዚያን ጁሙዓ ጠዋት ሁለቱ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ተቀምጠው ነበር።

«ካራቫኑ ውስጥ ስንት ሆናችሁ ነው የምታድሩት?» አለች ጠጄ፣ አሸዋውን በጣቷ እየጫረች።

«ሦስት። እኔ፣ እማ፣ አባ።»

«አትሸውጂኝ ባክሽ። ትናንት አራት ሳህን ስታጥቢ አይቼሻለሁ።»

ሰፊያ ዞር ብላ አየቻት። «ጠይቂያት ያሉሽ አባትሽ ናቸው?»

ጠጄ ጆሮዋ ድረስ ቀላች፤ ከዚያ አቀርቅራ አሸዋውን መጫር ቀጠለች። ሰፊያ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈችና ሄደች። ጠጄ ከኋላዋ «ሰፊ! ቆይ እንጂ!» ስትል ሰምታለች፤ ግን አልዞረችም።

ሁሉንም ለአባቷ ነገረችው። ሐሩን ጥርሱን ነከሰ። «ኻላስ። አሁን ነቅለን ብንሄድ ይባስ ይጠረጥራሉ። ጁሙዓ ሰግጄ፣ ውሃ ቀድቼ ልመለስ። ከዚያ እንነሣለን፤ እዚህ ቦታ ደግመን አንመጣም። እስከዚያ በሩን እንዳትከፍቱ።» ዋኔቱን አስነሥቶ ወደ መስጊዱ ሄደ።

ዋኔቱ ከዓይን እንደጠፋ ኢድሪስን ሕመሙ ተነሣበት።

ከትናንት ጀምሮ ብርድ ብርድ ይለው ነበር። አሁን በዚያ ሙቀት ሁለት ብርድ ልብስ ደርበውለት ጥርሱ ይንገጫገጫል። ዓይኑ ተከፍቷል፤ ማንንም ግን አያይም። በድንገት «አልሄድም! ልቀቁኝ! አልሄድም!» ብሎ ጮኸ።

እናቷ መዲና በእጇ አፉን ሸፈነችው። «ያ ረቢ! ኢድሪስ፣ ወንድሜ፣ ይሰሙናል።»

ሰፊያ እጁን ነካችው። ይፋጃል። «እማ፣ እትዬ ብዙነሽ እኮ ነርስ ናቸው።»

«አብደሻል? ያንቺ አባት ምን ብሎ ሄደ?»

«አባ እስኪመጣ ቢሞትስ?»

ሰፊያ በመጋረጃው ቀዳዳ ወደ ውጭ አየች። እትዬ ብዙነሽ ዓሣ ያጥባሉ። ጋሼ አለማየሁ ቆመዋል፤ ፊታቸውን ወደ ካራቫኑ አዙረው ጆሯቸውን ጣል አድርገዋል። ሰምተዋል ማለት ነው። አሁን በሩን ብትከፍት አጎቷን አሳልፋ የሰጠችው እሷ ልትሆን ነው። ባትከፍትስ? የኢድሪስ ትንፋሽ እየተቆራረጠ ይወጣል።

እጇን መዝጊያው ላይ አድርጋ ወደ እናቷ ዞረች።

መዲና ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። «እኔ አላየሁሽም» አለች።

ሰፊያ ከፍታ ወጣች።

እትዬ ብዙነሽ ነገሩን እስከ መጨረሻው አልሰሙም፤ «የታመመ ሰው አለ» ስትላቸው ቢላዋውን ጥለው፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ መጡ። ኢድሪስን ሲያዩ «ይህ ማነው?» አላሉም። የዓይኑን ቆብ ገለጥ አድርገው አዩ፣ ሆዱን ዳሰሱ። «በቆላ አልፏል?»

«በጂዛን» አለች መዲና በሹክሹክታ።

«ወባ ነው። እርጥብ ጨርቅ አምጡ፣ ብርድ ልብሱን አንሡለት። አለማየሁ! መድኃኒቱን በወረቀት ልጻፍልህ፤ ከተማ ድረስ ሄደህ ከፋርማሲ ግዛልኝ። አሁኑኑ!»

ጋሼ አለማየሁ በሩ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ አዩ። አራተኛውን ሰው አዩት። ወረቀቱን ተቀብለው ነጯን ዳትሰን መኪናቸውን አስነሥተው ሄዱ።

ሰፊያ ውጭ ቆማ መንገዱን ስትጠብቅ ጊዜው አልሄድ አላት። መድኃኒት ይዘው ይመጣሉ ወይስ ሰው? ጠጄ መጥታ አጠገቧ ቆመች።

ቀድሞ የተመለሰው ሐሩን ነው። የተከፈተውን በር ሲያይ ከዋኔቱ ዘሎ ወረደ። «ማነው የከፈተው?»

«እኔ ነኝ፣ አባ።»

«ሰውየውስ?»

«መድኃኒት ሊያመጡ ሄደዋል።»

«መድኃኒት!» ሐሩን ራሱን ያዘ። «አንቺ ልጅ፣ ጨረስሽን እኮ! መዲና፣ ዕቃውን ሰብስቢ!» ካራቫኑን ከዋኔቱ ጋር ለመቀጠል ጎንበስ አለ። እትዬ ብዙነሽ ከውስጥ «ይህን ልጅ በዚህ መንገድ ካንገጫገጭከው ያልቃል!» ሲሉ አልሰማቸውም።

ያኔ ከሩቅ አቧራ ተነሣ። ነጯ ዳትሰን ናት፤ እየከነፈች ትመጣለች። ከኋላዋ ደግሞ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ጂፕ።

ሐሩን ቀና አለ። «አየሽ?» አላት ሰፊያን።

ጋሼ አለማየሁ ከመኪናው ወርደው ማንንም ሳያዩ በቀጥታ ወደ ካራቫኑ ተራመዱ፤ በሩን መለስ አድርገው ጀርባቸውን ሰጡት። ሁለት ጠባቂዎች ከጂፑ ወረዱ። አንደኛው፣ ወጣቱ፣ «ለምንድን ነው እንዲህ የምትነዳው?» አለ በዓረብኛ። «ውስጥ ማን አለ?»



«ሐሪም» አሉ ጋሼ አለማየሁ በሰባራ ዓረብኛ። «ሴቶች ናቸው። ባለቤቴና የጎረቤቴ ባለቤት። አንዷ ታማለች፤ መድኃኒት ይዤ ነው የበረርኩት።» ኢቃማቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡ።

በዚህ ጊዜ ከውስጥ የኢድሪስ ማቃሰት ተሰማ፤ ወፍራም የወንድ ድምፅ። ወዲያው በላዩ ላይ «ወይኔ እናቴ! ወይኔ ሆዴን!» የሚል የእትዬ ብዙነሽ ጩኸት ካራቫኑን አናወጠው። መዲናም ተከተለች። ምጥ የያዛት ሴት እንኳ እንዲህ አትጮህም።

ወጣቱ ጠባቂ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ኢቃማውን መለሰ። «ሰላማት፣ ሰላማት» አለ፤ እግዜር ይማራት እንደማለት ነው። ጂፑ ዞሮ ሄደ።

ጋሼ አለማየሁ መድኃኒቱን በበሩ አቀበሉና አሸዋው ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ።

«ለምን ተከተሉህ?» አለ ሐሩን።

«እኔ ምን አውቄ! ከዋናው መንገድ ጀምረው ተከተሉኝ።» ላባቸውን ጠረጉ። «እውነቱን ልንገርህ? የፈራሁህ እኔ ነበርኩ። መሥሪያ ቤቴ ወደ አገር ተመለስ ብሎኛል፤ አልመለስም፣ ሌላ ቦታ እየፈለግሁ ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። ታዲያ በየሳምንቱ መስኮቱ የተጋረደ ካራቫን አያለሁ። ከመጋረጃው ኋላ ሆኖ የሚሰልለን ሰው አለ ብዬ ነው። ሩቅ ሆኜ ከምጨነቅ ቀርቤ ልወቀው ብዬ አጠገብህ ሰፈርኩ።»

«ልጅህን ልከህ ልጄን አስጠየቅህ።»

«አስጠየቅሁ» አሉ ጋሼ አለማየሁ አንገታቸውን ደፍተው። «እሱስ ነውር ነው።»

ጠጄ እንባዋ መጣ። ሰፊያ አየቻት።

ወደ ኑዝላ ከተመለሱ በሦስተኛው ቀን ኢድሪስ ተነሥቶ ሾርባ መጠጣት ጀመረ። አክስት ሱረያም ከመካ ከፊል ማግኘታቸውን ልከው አስታወቁ፤ ነገር ግን ጉዳዩ እስኪያልቅ ኢድሪስ ተደብቆ መቆየት ነበረበት። ቤት ውስጥ ወላጆቿ ሲከራከሩ ሰፊያ ትሰማ ነበር።

«አውቀው ነው ያተረፉን» ትላለች መዲና።

«አዎ፣ አውቀዋል። እሱን ነው የምፈራው። ሰው ዛሬ ያድንሻል፤ ነገ እሱን ያስጨንቁትና ያወራል። አልመለስም ያለውስ እውነት ይሁን ውሸት በምን አውቃለሁ?»

«እሳቸውስ ያንተን በምን ያውቃሉ?»



ኸሚስ ደረሰ። ካራቫኑን ቀጠሉ፣ ኢድሪስ ኋላ ገባ፣ መጋረጃው ተሳበ። ሰፊያ ዋኔቱ ውስጥ በአባቷና በእናቷ መካከል ተቀመጠች። ከሰፈሩ ወጥተው መንገዱ የሚከፈልበት ቦታ ላይ ሐሩን ጥግ ይዞ ቆመ። ወደ ደቡብ ያለው ሰው የማይሄድበት ዳርቻ ነው፤ ጥላም ውሃም የለው። ወደ ሰሜን ኦብሁር ነው። ከኋላ የመጣ መኪና ጥሩምባውን ነፍቶ አለፋቸው።

«በሩን የከፈትሽው አንቺ ነሽ» አላት አባቷ ወደ ፊት እያየ። በቁጣ አልነበረም። «አንቺ ምን ትያለሽ?»

ሰፊያ ጋሼ አለማየሁን አሰበች፤ ፈገግታቸው ዛሬም ትንሽ ያስፈራታል። በሩ ላይ የቆመውን ጀርባቸውን አሰበች። ጠጄን አሰበች። ነገ የሚሆነውን ማንም ሊነግራት አይችልም፤ አባቷም ራሱ የጠየቃት ስለማያውቅ ነው።

«ወደ ሐይቁ» አለች።

ሐሩን ማርሽ አስገባ። ከዚያ መሪውን ወደ ሰሜን አዞረ።