የቤት አማልክቱ ልብስ

እንግዳው በረዶውን አራግፎ፣ ጫማውን ደጃፉ ላይ አውልቆ ገባ።

«ካፓ የሚወጣው ከየትኛው ወንዝ ነው?»

«ዘንድሮ ወንዙን በረዶ ዘግቶታል» አለች ሽመላ።

የይለፍ ቃሉ ገጠመ። ሰውየው «ቁራ» ነው፤ ፊልሙን ተቀብሎ ቶኪዮ የሚያደርሰው መልእክተኛ። ለሰፈሩ ግን ካፓ ስለሚሉት የወንዝ መንፈስ ተረት ሊሰማ የመጣ ጎብኚ ነው። ቶኖ በምትባለው በዚህች የተረት አገር ደግሞ እንዲህ ያለው ጎብኚ ሞልቷል።

ሽመላም የምስጢር ስም ነው፤ በዚህ ቤት ግን የአሮጊቷ የእማማ ቶሜ ምራት ናት። ጋብቻው የውሸት ነው፤ የእማማ ቶሜ ልጅ ኤይሳኩ ግን የእውነት። የመሥሪያ ቤቱ አለቃ የአገር ምስጢር ሲሸጥ ኤይሳኩ ፎቶ አነሳው፤ ፊልሙን እናቱ ቤት ደብቆ ተሰወረ። አለቃውም ቀድሞት ሻጩ ኤይሳኩ ነው ብሎ አስወራበት። ፊልሙ ከጠፋ ኤይሳኩ አለቀለት፤ ያገኙት ቀን ይገድሉታል።

ዛሬ እማማ ቶሜ ከእንጨት የተቀረጹትን ሁለቱን የቤት አማልክት፣ ፈረሱንና ልጃገረዷን፣ ከሳጥናቸው አውጥተው በአሮጌው ልብሳቸው ላይ አዲስ እየደረቡላቸው ነው። ሳጥኑ በዓመት አንዴ፣ በቤቱ ሴቶች እጅ ብቻ ይከፈታል። ሽመላ ምራት የሆነችው ለዚህች ቀን ነበር። ኤይሳኩ ጨንቆት፣ ወጉን ጥሶ የደበቀውን ፊልም ከፈረሱ ልብስ ስር መንትፋ እጅጌዋ ውስጥ ከታዋለች።

ቁራ ምድጃው ዳር ተቀመጠ። የኤይሳኩ ጓደኛ ነኝ ስላለ፣ እማማ ቶሜ እንዴት ነው ልጄ ብለው ጠየቁት።

«ደህና ነው እናቴ። ትናንት አብረን እንቁላል በልተን ነው የተለያየነው።»

የእማማ ቶሜ እጅ ቆመ።

በዚህ ቤት እንቁላል አይበላም። አማልክቱ ይጠየፉታል፣ የበላ ሰው አፉ ይጣመማል ይባላል። ኤይሳኩ ጓደኞቹ ሲስቁበት እንኳ ቀምሶት አያውቅም።

ሽመላ ገባት። ይሄ ሰው ኤይሳኩን በዓይኑም አላየው፤ ለላኳት ሰዎች ግን ከመደበቂያው ነው የምመጣው ብሏቸው ነበር።

ቁራ ለአለቃው ተሽጧል።

«የት ነው?» አላት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ልጃገረዷ ላይ። ከልብሶቹ ሁሉ ስር።»

ቁራ የልጃገረዷን ምስል ከአሮጊቷ እጅ ነጥቆ ልብሷን ይዘለዝል ጀመር። እማማ ቶሜ አይገለጥም ብለው ለመኑት፤ በክርኑ ገፋቸው። ወይ ድፍረት! የስንት ዘመን ስፌት ነው፣ አልፈታ አለው።

ሽመላ ማንቆርቆሪያውን ከነፈላው ውሃ ረመጡ ላይ ደፋችው።

አመድና እንፋሎት ፊቱ ላይ ፈነዳ። ዓይኑን ይዞ ጮኸ። እጁን ወደ ብብቱ ሲሰድ በምድጃው ብረት መታችው፤ ሽጉጡን ቀምታ በገዛ ቀበቶው ከምሰሶው ጋር ጠፈረችው።

እማማ ቶሜ የተቀደደውን ጨርቅ እየለቀሙ ነበር።

«አንቺስ ማን ነሽ?»

መዋሸት አቃታት። «ሚስቱ አይደለሁም፣ እማማ። ግን በዚህ ፊልም ነፃ ይወጣል፤ ይመጣልዎታል።»

«ክረምቱን ሙሉ እግሬን ስታሺኝ የነበረውስ?»

«እሱ እውነት ነው።»

አሮጊቷ አለቀሱ። «ስትሄጂ ለጎረቤት ምን ልበል?»

«ሞተች ይበሉ።»

ቁራን ለላኳት ሰዎች አስረክባ፣ ፊልሙን ራሷ ቶኪዮ አደረሰችው። አለቃው ተያዘ። በረዶው ሲቀልጥ ኤይሳኩ እናቱ ቤት ገባ።

ሽመላ ያኔ በአንድ የወደብ ከተማ፣ በሌላ ስም፣ ዓሣ ትበልት ነበር። እማማ ቶሜ ለሞቱባቸው ሁሉ በየማለዳው ትኩስ ሩዝ ያስቀምጣሉ። ዘንድሮ ለእሷም አንድ ሳህን እንደጨመሩ እርግጠኛ ናት። አሠሪዋ በአዲሱ ስሟ ሲጠራት «አቤት» ብላ ቢላዋዋን አነሳች።