የተገለበጡ ኪሶች

ጡረተኛው መምህር በሞተ በስምንተኛው ቀን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ተገኘ። ፊቱ ላይ የላውንደሪ ልብስ መሸፈኛ ላስቲክ ተጠምጥሟል። የኮቱ ሁለት ኪሶች ወደ ውጭ ተገልብጠው ተንጠልጥለዋል። ጠበቃዋ መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። በሁለት ወር ተኩል ውስጥ አራተኛው ሟች መሆኑ ነው።

ሽበታሙ መርማሪ በስልክ ሲጠራት ልቧ በተስፋ ዘልሎ ነበር። ታናሽ ወንድሟ በዚሁ ግድያ ተጠርጥሮ ከታሰረ ሰባት ቀኑ ነው፤ እሱ ታስሮ ሳለ ሌላ ሰው ከተገደለ ገዳዩ እሱ አይደለም ማለት ነዋ። «ስምንት ቀን» የሚለውን ስትሰማ ግን ተስፋዋ ከሰመ።

«አዝናለሁ» አላት መርማሪው። «ወንድምሽ በተያዘ ዋዜማ ነው የሞተው። በዚያ ቀን ልብስ ያደረሰለትም ራሱ ወንድምሽ ነው፤ ደረሰኙ ጠረጴዛው ላይ አለ።»

«እሱ በር ላይ አስረክቦ ይመለሳል እንጂ ቤት አይገባም።»

«ይህን ሊመሰክሩለት የሚችሉት አራቱም ሞተዋል።»

ወንድሟ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ አመላላሽ ነው። ሰዓት ሠሪው፣ አበባ ሻጯ፣ ጥርስ ሐኪሙ፣ አሁን ደግሞ መምህሩ፣ ሁሉም ብቻቸውን የሚኖሩ የዚያ ላውንደሪ ደንበኞች ነበሩ። ሁሉም ልብስ በደረሰላቸው ቀን፣ በዚያው ልብስ ላስቲክ ታፍነው ሞቱ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል? እናታቸው ካረፈች ጀምሮ ያሳደገችው ልጅ ትናንት በፍርግርጉ በኩል፣ «እታለም፣ ደከመኝ። ነገ ስምንት ሰዓት ላይ ፖሊሶቹ ይመጣሉ፤ ያሉኝን እፈርማለሁ» ብሏታል። ያ ፊርማ ወደ ገመድ እንደሚወስደው ሁለቱም ያውቃሉ።

ጠበቃዋ ደግሞ ለማንም ያልነገረችው ጉድ ነበራት። አራቱንም ሟቾች ታውቃቸዋለች። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ሾፌር ልጅ ገጭቶ ገድሎ ሲከሰስ ጠበቃው እሷ ነበረች፤ አራቱ ሰዎች የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ነበሩ። አራቱም ችሎት ቆመው «አላየንም» አሉ፤ ሾፌሩ ነፃ ወጣ። ሰዓት ሠሪው ሲሞት አዘነች። አበባ ሻጯ ስትሞት አጋጣሚ ነው ብላ ራሷን አታለለች። ጥርስ ሐኪሙ ሲሞት ለመምህሩ ደወለች፤ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ፤ ሄዳ በሩን አላንኳኳችም። ለፖሊስ እንዳትናገር፣ ምስክሮቹ ለምን «አላየንም» እንዳሉ ትጠየቃለች። ሾፌሩ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ስለሆነ ያንን የሚያውቅ በሕይወት የቀረ ሰው እሷ ብቻ ናት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ማለት ይሄ ነው።

«ኪሱን የበረበረው ሌባ ነው?» አለች።

«ምን ሊሰርቅ? ሰዓቱ እጁ ላይ ነው፣ ስልኩም አልተነካ። የሦስቱም ኪስ እንዲሁ ተገልብጦ ነበር።»

ጎንበስ ብላ ኮቱን አየችው። ቤት ውስጥ የሚለበስ አሮጌ ኮት ነው፤ ኮሌታው በእድፍ አብረቅርቋል፣ ውሃ ካየ ዘመን ሆኖታል። የተገለበጠው የኪስ ገበር ግን ጥግ ጥጉ ሳይቀር ንጹሕ ነው።

«እስቲ የእርስዎን ኪስ ይገልብጡልኝ።»

መርማሪው ግራ ገብቶት ገለበጠ። የብስኩት ፍርፋሪ፣ የተቀዳደደ ወረቀትና ድብልብል ያለ የክር ጉድፍ መሬት ላይ ረገፈ።

«ለባለቤቴ እንዳትነግሪያት» አለ አፍሮ።

«የሰው ኪስ እንዲህ ነው። ይሄኛው ግን በቡሩሽ ተጠርጓል፤ ጭረቱን ይመልከቱ። የሦስቱን ፎቶ ያሳዩኝ።»

ፎቶዎቹን በማጉያ መነጽር አንድ በአንድ አየቻቸው። በሁሉም ላይ ያው ጭረት አለ።

ላውንደሪው ስትደርስ ስድስት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ባለቤቱ ወፍራም፣ ወሬ የሚወድ ሰው ነው።

«ኪስ? ይፈተሻል መሰለኝ» አላት። «እኔ ሥራዬ ደንበኛ ማጫወት ነው። የሰው ልብስ ከነካሁ እስከ ክርኔ ያሳክከኛል።»

«ላውንደሪ ከፍተው ልብስ ያሳክክዎታል?»

«ደም የሚፈራ ሥጋ ሻጭ የለም?»

ከኋላ፣ እንፋሎት በሞላው ክፍል ውስጥ፣ ማሽን ውስጥ ልብስ የሚከተውም የሚተኩሰውም አንድ ሰው ነው። እጁ በካውያ ጠባሳ ተዥጎርጉሯል።

«ከወንድምሽ ጋር ተጣልተናል፤ አልክድም» አለ ሳትጠይቀው። «ለፍቼ የተኮስኩትን ብስክሌት ላይ አጨማዶ ይወስደዋል።»

«ልብሱ ሲመጣልህ ኪሱ እንዴት ነው?»

«ተገልብጦ። እንደተገለበጠ ይታጠባል፤ ከዚያ እኔ መልሼ ሳላስገባው አላልፍም። የተገለበጠ ኪስ ሳይ ሆዴን ይቆርጠኛል።» ይህን ሲል እጁ ሳያስፈቅድ ተዘርግቶ ከጃኬቷ ኪስ ብቅ ያለውን ገበር ወደ ውስጥ መለሰ። «ይቅርታ፣ አመል ነው።»

ባንኮኒው ጋ የምትቀመጠው ልብስ ተረካቢ ግራጫ ሽርጥ የለበሰች፣ ከሲታ፣ ዝምተኛ ሴት ናት። የጠበቃዋ ወንድም፣ ምሳዋን ስለምታካፍለው፣ «እትዬ» እያለ ስሟን ሲያነሳ ውሎ ያድራል።

«ኪስ የሚፈትሹት እርስዎ ነዎት፣ እትዬ?»

«ነኝ። ጉድፉ ውሃ ከነካው ልብሱ ላይ ይጋገራል። ስለዚህ ገልብጬ እጠርገዋለሁ፤ ተኳሹ መፈተሹን እንዲያውቅ እንደተገለበጠ እተወዋለሁ።»

«የተገኘ ዕቃስ?»

«መዝገብ ላይ ይጻፋል። ባለቤቱ ሲወስድ ይፈርማል።» መዝገቡን ገፋ አደረገችላት። «ልጁ ይበላል?»

«አይበላም።»

«እናት የለውም፣ አይደል?»

«እናቱ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች ሴትዮዋ።

ጠበቃዋ መዝገቡን ገለጠች። መነጽር፣ ቁልፍ፣ ማበጠሪያ፤ ከሁሉም ጎን ፊርማ አለ። ከሦስት ወር በፊት፣ ሰዓት ሠሪው ከመሞቱ ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ አንድ መስመር ብቻ ፊርማ የለውም፤ «የመምህሩ ካፖርት፣ አንድ የታጠፈ ወረቀት» ይላል። ያቺ ወረቀት ምን እንደሆነች አንብባ ሳትጨርስ ገባት። መዝገቡን ዘግታ ለመርማሪው ደወለች።

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ባንኮኒው ዙሪያ ቆሙ። ባለቤቱ፣ ተኳሹና ተረካቢዋ በአንድ ወገን፣ መርማሪውና አንድ ወጣት ዐቃቤ ሕግ በሌላ ወገን ሆኑ። ጠበቃዋ የሞት ሞቷን ለምና ያስመጣችው ወንድሟም ካቴና እንዳጠለቀ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆሟል። ሸሚዙ ሰፍቶታል። ተረካቢዋን ሲያይ ጎንበስ ብሎ፣ «ደህና ነዎት፣ እትዬ?» አለ። እሷ መዝገቡን ወደ ራሷ ሳበች።

«ሟቾቹ በራቸውን ራሳቸው ነው የከፈቱት» ብላ ጀመረች ጠበቃዋ። «ወንድሜ ልብሱን አስረክቦ ከሄደ በኋላ ሌላ ሰው መጥቷል። ላስቲኩ የዚያው ቀን ልብስ መሸፈኛ ስለሆነ፣ ያ ሰው የማን ልብስ መቼ እንደሚደርስ ያውቃል። ይህን የሚያውቁት እዚህ ቤት የሚሠሩት ናቸው።»

«እኔ ዝንብ እንኳ ገድዬ አላውቅም» አለ ባለቤቱ።

«እርስዎ አይደሉም። ገዳዩ የአራቱንም ሰዎች ኪስ ገልብጦ፣ በቡሩሽ ጠርጎ፣ እንደተገለበጠ ትቶት ነው የሄደው። ፈልጎ አይደለም፤ ጭንቅ ውስጥ ሆኖ እጁ የለመደውን ሠራ። እርስዎ ልብስ አይነኩም፤ ኪስ ምን እንደሚደረግም አያውቁም። ተኳሹ ቢሆን ኪሱን መልሶ ሳያስገባ ከቤቱ አይወጣም፤ የኔን እንኳ አላለፈም። ገልብጦ፣ ጠርጎ፣ እንደተገለበጠ የሚተው አንድ እጅ ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ ተረካቢዋ ዞሩ። ሴትዮዋ ቡሩሿን ባንኮኒው ላይ በቀስታ አስቀመጠች።

«እትዬ አያደርጉትም» አለ የጠበቃዋ ወንድም። «እታለም፣ እሳቸውን ተያቸው።»

«የሰውን አመል ይዘን ክስ አንመሠርትም» አለ ዐቃቤ ሕጉ። «እኚህ ሴት ከአራቱ ሰዎች ጋር ምን ጠብ አላቸው?»

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ጠበቃዋ ታውቅ ነበር። «ከመምህሩ ካፖርት የወጣ ወረቀት ለባለቤቱ አልተመለሰም» አለች። ድምፅዋ መድከም ጀምሯል። «ሟቾቹም በር የከፈቱት፣ ከኪስዎ የተገኘ ዕቃ አምጥቻለሁ ስትላቸው ይመስለኛል።»

«ወረቀቱ ላይ ምን ነበር?»

ጠበቃዋ ወደ መዝገቡ አቀረቀረች። ተረካቢዋ ከሽርጧ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ባንኮኒው ላይ በመዳፏ አስተካክላ ዘረጋችው። ዐቃቤ ሕጉ አነበበ።

«‹ነገ ስትጠየቁ የምትመልሱት። ሰዓት ሠሪው፣ ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር። አበባ ሻጯ፣ ፀሐይ ዐይኔ ውስጥ ገብታ ነበር። ሐኪሙ፣ ድምፅ ስሰማ ነው የዞርኩት። መምህሩ...› ፊርማ የለውም። የማን ጽሑፍ ነው?»

«ከስድስት ዓመት በፊት ሾፌር ገጭቶ የገደላት ልጅ የኔ ናት» አለች ተረካቢዋ። «ችሎት ኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ። ለሾፌሩ የቆመችው ይቺ ጠበቃ አንድም ቀን ዞራ አላየችኝም። አራቱ ሰዎች አላየንም ሲሉ ፈጣሪ ካላሳያቸው ምን ያድርጉ ብዬ ቤቴ ገባሁ። ይሄ ከካፖርቱ እስኪወጣ ድረስ አምኛቸው ነበር።»

«ልጁ ምን አደረገሽ?» አለ መርማሪው።

«ምንም። ምሳ አብረን እንበላለን።» ወደ ልጁ ላለማየት አንገቷን ደፋች። «ልጄን በሕግ ነው የቀማችኝ። እሷም በሕግ እንድትቀማ ፈለግሁ። ጽሑፉ የማን እንደሆነ እሷ ትንገራችሁ። እኔ ብናገር ሐዘን ያሳበዳት ይሉኛል። እሷ ካልተናገረች ይሄ ባዶ ወረቀት ነው፤ እኔም ከእነዚያ ሰዎች ጋር ጠብ የለኝም።»

ዐቃቤ ሕጉ ሰዓቱን አየ። ለስምንት ሩብ ጉዳይ ሆኗል። ጠበቃዋ «አላውቀውም» ብትል የሚያስተባብላት የለም። የሃያ ዓመት ሥራዋ፣ ስሟና ቢሮዋ ሁሉ በዚያች ቃል ይተርፋሉ። ወንድሟ ደግሞ ዐይኑን ወረቀቱ ላይ ተክሏል። ፊደል ያስቆጠረችው እሷ ናት፤ ጽሑፏን ለይቶ እንደሚያውቅ አልተጠራጠረችም። ቢያውቅም እሷን አጋልጦ ከሚናገር ዝም ብሎ ይሞታል።

«የኔ ጽሑፍ ነው» አለች። «አራቱም አደጋውን አይተዋል። አንዱን ለምኜ ሌላውን አስፈራርቼ አላየንም ያሰኘኋቸው እኔ ነኝ።»

መርማሪው በዐይኑ ጠቀሰ፤ አንደኛው ፖሊስ ካቴናውን ከወንድሟ እጅ ፈትቶ ወደ ተረካቢዋ ሄደ። ሴትዮዋ እጇን ራሷ ዘረጋችለት።

ጠበቃዋ ወንድሟን አቅፋ ልትወጣ፣ ፊቱን አጥባ ልታበላው፣ ከዚያ የመጣው ይምጣ ብላ ተስፋ አድርጋ ነበር። እሱ ግን የተላጠ እጁን እያሻሸ ካለበት አልተንቀሳቀሰም።

«ልጅቷ ስንት ዓመቷ ነበር?» አላት።

አፏን ከፈተች። የክሱን መዝገብ ቁጥር ታስታውሳለች፤ የዳኛውን ስም፣ የመኪናውን ሰሌዳ ታስታውሳለች። የልጅቷ ዕድሜ ጠፋባት።

«ዘጠኝ» አለች እናትየዋ ከበሩ ላይ። «ዘጠኝ ዓመት ከሁለት ወር።»

ወንድምየው የደንበኞች አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። ጠበቃዋ አጠገቡ ልትቀመጥ ስትጠጋ ፈቀቅ ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።